የጥቅምት በረዶ በአቡነ ዮሴፍ መንገድ

ከፋለ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ እንግዳ ሲመራ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር። የትኛው ድንጋይ እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ጥግ እስከ ረፋድ ፀሐይ እንደማያገኝ ያውቃል። በረዶ በወረደ ማግስት እሱ «ይኬዳል» ሳይል በቅሎ የሚጭን አልነበረም።

አምና በጥቅምት፣ ክረምቱ ወጣ ተብሎ ገብሱ ሊታጨድ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ በረዶውን አወረደው። በዚያው ዕለት ሚስቱን ገለቴን ሆዷን ቆረጣት። ቀላል መስሏት ጦስኝ አፍልታ ጠጣች። ሲነጋ ግን ቀና ማለት አቃታት።

ወንድሟ አዝመራው ጎረቤት ጠርቶ ቃሬዛ አሰናዳ፤ ስምንት ሰው ተሰበሰበ። ላሊበላ ሆስፒታል ለመድረስ የአራት ሰዓት ቁልቁለት ነው፤ መነሻው ላይ ያለው መንገድ ደግሞ ጠባብ፣ በገደል አፋፍ የሚያልፍ ነው። ከፋለ ቀድሞ ሊያየው ሄደ። በረዶው ሌሊቱን ተጋግሮ እንደ መስታወት ሆኗል። በዱላው ቢወጋው አልበሳ አለው። አንድ እርምጃ ሲሞክር እግሩ ከዳው፤ የጓሳ ሣር ጨብጦ ተረፈ።

ሲመለስ ሁሉም አፍ አፉን ያዩታል።

«እንዴት ነው?» አለው አዝመራው።

«ባዶ እጁን የሚሄድ ምናልባት ያልፍ ይሆናል። ሰው የተሸከመ ግን አያልፍም። ፀሐይ እስክታገኘው እንቆይ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ አራት።»

«እሷስ እስከ አራት ትቆያለች?»

ገለቴ ጋቢውን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣ «አዝሜ፣ ተወው እንግዲህ» አለች። «የሚሸከሙኝ የልጆች አባቶች ናቸው። በኔ ሰበብ አንዱ ገደል ቢገባ ምን ይውጠኛል?»

ጠበቁ። ከፋለ ሁለት ጊዜ ሄዶ መንገዱ ላይ አመድና አፈር በተነ። በመካከሉ ገለቴ እጁን ይዛ ስለ ገብሱ አወራችው፤ «ሳይረግፍ እጨደው» አለችው።

በአራት ሰዓት ተነሡ። ከተሸካሚዎቹ ማንም አልወደቀም። አሸተን ማርያም አጠገብ ትከሻ ሲቀያየሩ አዝመራው ጎንበስ ብሎ ስሟን ጠራት። አልመለሰችም። ቁልቁል የከተማው ቆርቆሮ ይታይ ነበር።

ከፋለን የወቀሰው ሰው አልነበረም። የተሸካሚዎቹ ሚስቶች ለልቅሶ መጥተው «ባሎቻችንን አተረፍክልን» ሲሉት አንገቱን ደፋ። ገብሱን አጨደ። እንግዳ መምራቱን ግን ተወ፤ ሊጠሩት ሲመጡ «ጉልበቴን አሞኛል» ይላቸዋል።

አዝመራው ከአርባዋ ወዲህ ደጁን አልረገጠም ነበር። በየካቲት አንድ ቀን መጥቶ ከግድግዳው ሥር አጠገቡ ተቀመጠ።

«እንደነጋ ብንነሣ ኖሮ ትተርፍ ነበር?» አለው።

«አላውቅም» አለ ከፋለ። «በየቀኑ በልቤ እወርደዋለሁ። አንዳንድ ቀን እናደርሳታለን። አንዳንድ ቀን አንተ ፊት ለፊት ትሆንና እግርህ ይከዳሃል፤ እሷንም ሦስቱን ተሸካሚዎችም ይዘህ ትወርዳለህ።»

አዝመራው በቀብሯ ዕለት እንኳ አላለቀሰም ነበር። አሁን ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ። ከፋለ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።