ደወል የማይሰማው ቤት

በአሮጌው ወደብ ጀርባ ያለውን የእንግዳ ማረፊያ የምታስተዳድረውን ሴት ሰፈሩ በሙሉ እቴቴ ይላታል። የድንጋይ ግንቡን ያቆመው ጀልባ ነጂ የነበረው ቅድመ አያቷ ነው። የእንጨት ሰገነቱ ባሕሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ስንቱን ማዕበል አሳልፏል! እዚያ ያደረን ሰው የማዕበሉ ድምፅ እሹሩሩ እያለ ነው የሚያስተኛው። እቴቴም ጨው የጋገረባቸውን መስኮቶች በየማለዳው በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ቤቷን "ሆቴል" ያለ ሰው ግን አለቀለት።

"ሆቴል ደወል አለው፤ ቤት ሰው አለው!" ብላ ልክ ልኩን ትነግረዋለች።

ልጇ ግን "እማዬ፣ ዘመኑ እኮ ተለውጧል" ብላ በሩ ላይ የኤሌክትሪክ ደወል አስገጠመች።

በማግስቱ ሻንጣው እሱን ራሱን የሚያህል ነጋዴ መጣና ደወሉን ተጫነው። እቴቴ ፎቅ ላይ ሆና በባሕር ነፋስ የደረቀ አንሶላ ታነጥፋለች። ሰማችና ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሰውየው ደገመው፤ ሠለሰው። ልጇ ልትወርድ ብድግ ስትል በዓይኗ ገታቻት። በመጨረሻ የእንግዳው ትዕግሥት አለቀና በሩን በመዳፉ እየደበደበ ጮኸ፦

"ኧረ ቤቶች!"

"ደጆች!" አለች እቴቴ፣ ድምጿ ወደቡ ድረስ እስኪሰማ። ሻሿን አስተካክላ እንደ ሙሽራ እናት እየተንጎራደደች ደረጃውን ወረደች።

"ደወሉ ተበላሽቷል እንዴ?" አላት ሰውየው ላቡን እየጠረገ።

"ደወሉስ ደህና ነው" አለችው ሻንጣውን እየተቀበለች። "እርስዎ ግን አሁን ገና መጡ።"