ሳይሞቅ የሚጮኸው አምፕሊፋየር

አቧራ ሲግል የሚሸተውን ሽታ ታውቀዋለህ? ክረምት ሲገባ ባለቤቴ አልጋ ሥር የከረመውን የኤሌክትሪክ ምድጃ አውጥታ ስትሰካው፣ ገና ሽቦው ሳይቀላ ቤቱን የሚሞላው ሽታ እሱ ነው። የእንጅባራ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባልና አትሰኪው አልላትም። ተነስቼ ደጅ እወጣለሁ እንጂ። ዛሬ ጠዋትም ጉሙ ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን ቀርከሃ ውጦት ሳለ ወጥቼ ቆምኩ። በዚህ ብርድ ምን እንደሚያስወጣኝ ጠየቀችኝ፤ ጉሙን ላየው ነው አልኳት። ብነግራት ታዝንልኛለች፣ እኔ ደግሞ ሲያዝኑልኝ አልወድም። አንተ ብቻ ስማኝ።

ያ ሽታ የክርስትና አባቴ ቤት ሽታ ነው። ዳንግላ፣ ከገበያው ጀርባ፣ የጋሪ ፈረሶች ከሚቆሙበት አለፍ ብሎ አንዲት ጠባብ የራዲዮ መጠገኛ ቤት ነበረችው። በአርባ ቀኔ ታቅፎ ክርስትና ያነሳኝ እሱ ነው። የወለደኝን አባቴን አላውቀውም፤ ገና ሳልድህ ነው የሞተው። ስለዚህ «አባዬ» ብዬ የተጣራሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱንም ያገኘሁት ዳንግላ ነው። በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን እናቴ ድፎ ዳቦዋን በነጠላ ጠቅልላ፣ እኔ ዶሮ ታቅፌ፣ ከቆሰበር ተነስተን እንሄድ ነበር። እናቴ እንጅባራን ዛሬም ቆሰበር ነው የምትላት፤ አፏ ሌላ አይለምድም። እሱ ከሩቅ ሲያየን ሊድ የሚያቀልጥበትን ካውያ ጥሎ ይወጣና እኔን ከነዶሮው ያነሳኝ ነበር።

በወጣትነቱ በኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። ቡድኑ ሲበተን ማንም ያልፈለገውን አሮጌ አምፕሊፋየር ተሸክሞ ወደ ቤቱ አመጣው። ፊቱ ላይ ቡኒ ጨርቅ የተወጠረበት፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው የእንጨት ሣጥን ነው። እንደ ዛሬው ዕቃ አይምሰልህ፣ የድሮ በአምፑል የሚሠራው ዓይነት ነው። ሲሰካ መጀመሪያ ትንፍሽ አይልም። ከጀርባው ባለው ቀዳዳ አምፑሎቹ ቀስ እያሉ ሲቀሉ ይታያል፣ አቧራው ይግላል፣ ሽታው ይመጣል፤ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ችኩል ነበርኩና ክሩን ቶሎ ስመታው እጄን ይይዘኝ ነበር።

«ተው፣ ይሙቅ» ይለኛል። «ድምፅም እንደ ሰው ነው፤ ሳይሞቅ የሚጮኸውን አትመን።»

ጣቶቼን አንድ በአንድ ክሩ ላይ እያስቀመጠ አራቱን ቅኝት ያስተማረኝ እሱ ነው። ጣቱ ሊድ ሊድ ይሸታል። ከጨርቁ ውስጥ የሚወጣው ድምፅ ወፍራም፣ ዳሩ ትንሽ ሸካራ፣ የሚያቅፍ ዓይነት ነበር። በዕድሜዬ ብዙ አምፕሊፋየር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አልሰማሁም።

ጎረምሳ ስሆን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለሠርግና ለአገው ፈረሰኞች በዓል መጫወት ጀመርን። እኔ ጊታር፣ አንዱ ቤዝ፣ አንዱ ድምፃዊ። የራሳችን ዕቃ ስላልነበረን ሞንታርቦ፣ ትልቁን ድምፅ ማጉያ፣ የሚያከራየን ሰውዬ ያዝዘን ነበር፤ ዘፈን ሳይቀር እሱ ነበር የሚመርጥልን። ጓደኞቼ ከባሕር ዳር አዲስ ዕቃ እናስመጣ ሲሉ እኔ አሻፈረኝ አልኩ። እኔ የምፈልገው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር። ደግሞ ለራሴ እንጂ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ፦ ሰው አባቱን መሬት ወይ በሬ ይወርሳል፣ እኔ ያንን ድምፅ መውረስ ፈለግኩ። አባዬን ዕቃውን ሽጥልኝ ስለው ግን ሁልጊዜ ይስቅብኝና «እሱ አብሮኝ ነው የሚቀበረው» ይለኝ ነበር።

አንድ የበጋ ቀን ራሱ ስልክ ደወለልኝ። ሰው ዕቃውን ሽጥልኝ እያለ እየጠየቀው መሆኑን፣ እሱ ግን ለባዳ መስጠት እንዳልሆነለት ነገረኝ። «ለአንተ ከሆነ ግን ውሰደው» አለ። ደስታዬን እንዴት ልንገርህ! በእናቴ ጓሮ ለከሰል የተከልነው ዲከረንስ ነበረን፤ ያ ቶሎ የሚያድገው ዛፍ። ገና አልደረሰም ነበር። አንድ ክረምት ቢታገስ እጥፍ ያወጣ ነበር። እናቴ አላመነታችም፤ ለአባቱ ዕቃ ነው ብላ ሳይደርስ አስቆርጣ ሸጠችውና ዋጋውን አስያዘችኝ።

ዳንግላ ስደርስ ዕቃው ተወልውሎ፣ ፊቱ ወደ በሩ ዞሮ ይጠብቀኛል። እሱ ሰካው፣ እኔ ክር መታሁ። ወዲያው ጮኸ። ደነገጥኩ።

«አባዬ፣ ሳይሞቅ?» አልኩት።

«አሻሽዬዋለሁ» አለኝ እየሳቀ። «የዛሬ ሰው መጠበቅ ይወዳል እንዴ?»

በጀርባው ቀዳዳ ቢጫ ብርሃን ይታየኛል። ሽታው አልመጣም፤ ጉንፋን ይዞኝ ነበርና አፍንጫዬን ወቀስኩ። የጀርባውን ክዳን ላየው ጎንበስ አልኩና እጄ ብሎኑ ጋ ሲደርስ መለስኩት። እኛ ዘንድ የክርስትና አባት የሰጠህን ገልብጠህ አታይም። አባትህ ተኝቶ ሳለ ኪሱን እንደመፈተሽ ነው። እናቴ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በአማርኛም በአገውኛም ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው። እሱም እጄ ሲመለስ አይቷል። ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ ዕቃውን ጠቀለለልኝ፣ ጋሪ ላይ አብረን ጫንነው፣ ጋሪ ነጂውን ልጄን ነው የጫንክልኝ ቀስ በል ብሎ አደራ አለው። ጉንጬን አገላብጦ ሳመኝ። ያን ስሞሽ ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን በእጄ እጠርጋለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስማ። መጀመሪያ ጥቂት ቀን ሠራ። ቀጥሎ መነፋነፍ ጀመረ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሲሞቅ ድምፁ ጥርቅም ብሎ ይጠፋል። የእንጅባራን መብራት ተሳደብኩ፣ ስታቢላይዘር ተዋስኩ። ገመዱን ቀየርኩ። ጊታሬን አስፈታሁ። እርጥበቱ ነው ብዬ ከእናቴ ምድጃ አጠገብ እንደ ታማሚ አስጠጋሁት። ዳንግላ ስደውል እሱ ሳይሰለች ይመክረኛል፦ ከኋላው ማራገቢያ አድርግበት፣ ከሌላ ሶኬት ሞክረው፣ ጣራ ሥር አታስቀምጠው። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር አይረሳም።

«ብቻ እንዳትከፍተው ልጄ። ኮረንቲ ያዘለ ነው፤ ይገልሃል።»

ለእኔ መሞት እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ስላለኝ እንዴት ሆዴ ይባባ እንደነበር! ቤዝ ተጫዋቹ በየልምምዱ ካቻቢቴውን እያሽከረከረ «እስቲ አንድ ጊዜ ልየው» ይለኛል፣ እኔ አባቴ አትክፈቱ ብሏል እላለሁ። አንድ ቀን ሳቀና «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለኝ። አኮረፍኩት። ከአባቴና ከአንተ አንዱን ምረጥ ብትለኝ አንተን ነው የምተው ብዬ ፊት ለፊት ነገርኩት።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ዳሱ ሞልቶ፣ ሙሽሪት ገና ስትገባ ዕቃው ሞተ። ድምፃዊው አፉን እንደከፈተ ቀረ። መታሁት፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ምንም የለም። ደግነቱ የአገሩ ሰው አይጨንቀውም፤ ሴቶቹ ከበሮ አነሱ፣ ሠርጉ ያለእኛ ደመቀ። እኛ ዳሱ ጥግ እንደ ተቀጡ ተማሪዎች ቆመን ዋልን። አንድ ሽማግሌ መጥተው ጠላ እየሰጡኝ «አይዞህ፣ ነፍሱን ይማር» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

በማግስቱ ቤዝ ተጫዋቹ ሳያስፈቅደኝ ክዳኑን ፈታው። እኔም አልከለከልኩትም፤ ደክሞኝ ነበር። ክዳኑ ሲነሳ ሦስታችንም ጎንበስ አልን። ውስጡ ባዶ ነው። የድሮዎቹ አምፑሎች የሉም፣ ከባዱ ትራንስፎርመር የለም። ከርካሽ ስፒከር የተነቀለች፣ መዳፍ የማታክል ቦርድ በሙጫ ተለጥፋለች። ቀዳዳው ፊት ለፊት ሁለት የባጃጅ ፍሬቻ አምፑሎች ተተክለው፣ ብርሃናቸው ቢጫ እንዲሆን የከረሜላ ወረቀት ተጠቅልሎባቸዋል፤ የወረቀቱ ዳር በሙቀት ተኮማትሯል። ከሁሉ ከሁሉ፣ ከሥሩ አንድ ጥቁር ድንጋይ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል። ክብደቱ እንዳይቀልብኝ ነው። ያንን ድንጋይ ነው በትከሻችን ሠርግ ለሠርግ ተሸክመን የዞርነው። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። የሚሳለቅብኝ ቤዝ ተጫዋች ያን ቀን ብሎኖቹን አንድ በአንድ መለሰልኝ።

እናቴ ስትሰማ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለች በአማርኛ። ሌላውን በአገውኛ ጨረሰችው፤ ለሌላ ሰው አልተረጉመውም። ከዚያ አለቀሰች። ያስለቀሳት ዲከረንሱ እንዳይመስልህ። ለልጄ አባት አገኘሁለት ብላ ነበር ስንት ዘመን የኖረችው።

ዕቃውን ጭኜ ዳንግላ ወረድኩ። እሱ አንድ ራዲዮ ላይ አጎንብሶ ካውያው እየጨሰ ነበር። ሣጥኑን ሲያየው ገባው፤ ሰላምም አላለኝ። ብዙ ልናገር መንገዱን ሁሉ ሳሰላስል ነበር የመጣሁት፣ የወጣኝ ግን ይህ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ድንጋዩን ለምን ጨመርክበት?» አልኩት።

ካውያውን አስቀመጠ። ውጪ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል። የውስጡን ዕቃ የድሮ ነገር ለሚለቅም የአዲስ አበባ ሰው አስቀድሞ እንደሸጠው፣ ለእኔ የደወለው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነገረኝ። ቸግሮኝ ነው አለ። ምን እንደቸገረው አልጠየቅኩትም። ቸገረኝ ብሎኝ ቢሆን እናቴ ያን ሁሉ ዛፍ ያለ ምንም ዕቃ ትሰጠው ነበር። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፣ ዛሬም። የጠየቅኩት ሌላ ነው፤ አገር ሙሉ ሰው እያለ ለምን ለእኔ?

አይኑን ሳያነሳ መለሰልኝ። «ሌላ ሰው ይከፍተዋል። አንተ አትከፍተውም ብዬ ነው።»

ይኸው ነው። ሌላ ማብራሪያ አልነበረውም፣ እኔም ሌላ አልፈለግኩም። ገንዘቡን ቀስ እያልኩ እመልሳለሁ ሲል አልሰማሁትም። ሣጥኑን ደጃፉ ላይ ተውኩት። ልወጣ ስል እንደ ወጉ መሰናበት ነበረብኝና አፌ በራሱ «ደህና ይዋሉ» አለ። እናቴን አንቱ ብዬ አላውቅም። እሱንም አንድ ቀን አንቱ ብዬው አላውቅም ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አልከኝ?»

«ደህና ይዋሉ» አልኩ ደግሜ፣ ወጣሁ።

አልተቆራረጥንም፤ እንደዚያ እንዳይመስልህ። አርጅተዋል፣ አይናቸው ደክሟል፣ መጠገኛ ቤቷን ዘግተዋታል። በየፋሲካው እሄዳለሁ። ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ ከፊታቸው ጠጅ አልጠጣም፣ ሲነሱ እነሳለሁ። ጎረቤት ሁሉ በእኔ ይቀናባቸዋል፤ የወለዱት እንኳ እንዲህ አያከብርም ይላሉ። ባለፈው ፋሲካ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ እጄን ይዘው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ልጄ፣ ሳልሞት አንድ ጊዜ አንተ በለኝ» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ልላቸው ፈልጌ ነበር። አይናቸው እንባ ሞልቶ ይጠብቁኛል።

«ኧረ እርስዎን እንዴት ብዬ!» አልኩ።

አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ ሰምተው ኖሮ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ተባረክ» አሉኝ፣ «የተቀጣ ልጅ።»