ከድልድዩ ወዲህ

«አጥንት ነው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ውሻዬ አፉን ከፍቶ መዝጋት አቅቶታል፤ ለሃጩ ይንጠባጠባል፤ ሊጮህ ሲሞክር የታፈነ ድምፅ ብቻ ይወጣዋል። በዚያው ሰሞን ሰፈራችን ሰርግ ነበረና በሬ ታርዷል፤ አጥንት ያልዋጠ ውሻ ሮቤ ውስጥ የት ይገኛል? እጅጌዬን ሰበሰብኩና እጄን ጉሮሮው ውስጥ አስገባሁ። ዝም ብሎ ፈቀደልኝ። አጥንት የሚባል ነገር አላገኘሁም። እጄን ሳወጣ ክራንቻው ጣቴን ጫረኝ፤ ትንሽ ደማሁ።

በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ስም ነበረው። እዚህ አልጽፈውም፤ በስሙ የሚጠራው ከእኔ በቀር ስላልነበረ የእኔው ሆኖ ይቅር። አማቴ «ያ ውሻ» ነበር የሚሉት። ሶላታቸውን የሚጠብቁ ሴት ናቸው፤ ውሻ ከደጃፉ እንዳያልፍ፣ ልብሳቸውን እንዳይነካ። እኔም ሙስሊም ነኝ፤ የነካኝን አጥቤ እሰግዳለሁ። ግን ባሌ ከብት ሊገዛ ጊኒር ከሄደ በሳምንትም አይመለስም። ከአማቴ ጋር ተፋጥጠን በምንውልባቸው በእነዚያ ቀናት የሚስቅልኝ ፊት የውሻው ብቻ ነበር። ውሻ አይስቅም የሚለኝ ሰው ውሻ አሳድጎ አያውቅም። ገበያ ስሄድ ይሸኘኛል፤ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ እግሬ ሥር ይተኛል። እወደው ነበር። ይህን አፍ አውጥቼ ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

የሞተ ዕለት የከብት ሐኪም ተጠርቶ መጣ። ቀረብ ብሎ አየውና «አጥንት አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው» አለ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ነገር ነው የገደለኝ። «ውሻ ሁሉ ሲከተብ ይኼ የት ነበር?»

የት እንደነበረ አውቃለሁ። በተራራው ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በሽታ እንዳይጋባባቸው ተብሎ የሰፈሩ ውሻ ሲከተብ፣ የመኪናውን ድምፅ ሰምቼ ጭድ ቤት ቆልፌበት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መርዝ የገባበት ሥጋ በየመንገዱ ተጥሎ ስንቱ ውሻ ሲያልቅ አይቻለሁ። በመኪና ተጭነው ውሻ የሚፈልጉ ሰዎች ለደግ ነገር ይመጣሉ ብዬ እንዴት ልጠርጥር? «ውሻ የለንም» ብዬ መለስኳቸው። እንዳይጮህብኝ ዳቦ ሰጥቼው ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ብልጧ ደግሞ የፈራሁትን ሞት በገዛ እጄ አብሬ ቆለፍኩበት።

ሐኪሙ ጣቴን አይቶ «ዛሬውኑ ጎባ ሆስፒታል ሂጂ። መርፌው በየቀኑ ነው፣ እንዳታቋርጪ» ብሎኝ ወጣ። ጫማዬን ሳላደርግ አማቴ ደረሱ። ከእናታቸው የተማሩትን ሥር ወቅጠው በወተት በጥብጠዋል። «ጠጪ» አሉኝ፤ ጠጣሁ። ኩባያውን ከተቀበሉኝ በኋላ ነው ሕጉን የነገሩኝ። «አርባ ቀን ወንዝ አትሻገሪም። ከተሻገርሽ መድኃኒቱ ይረክስና በሽታው ይነሳብሻል።»

ጎባ ከወንዙ ማዶ ናት። ብሻገር መድኃኒቱ ይረክሳል፤ ባልሻገር መርፌው ይቀርብኛል። እንዲህ ያለውን ታምኛለሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሞት የፈራ ሰው ሁሉንም ያምናል።

አራት ቀን ግቢ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሬሳውን ጎረምሶች በገመድ ጎትተው ወስደው አቃጥለውታል፤ የት እንደሆነ የነገረኝ የለም። የታሰረበት ምሰሶ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው፤ መስኮቱን ብዘጋ ቤቱ ይጨልማል፣ ብከፍት ምሰሶው ያየኛል። ውሃ ለመጠጣት ኩባያ ባነሳሁ ቁጥር ጉሮሮዬን አዳምጣለሁ፤ በሽታው ውሃ እንደሚያስፈራ ሰምቻለሁና። ጎረቤቶች እየመጡ «አላህ ያሽርሽ» ይሉኛል። ሰው ቢሞትብኝ አብረውኝ ተቀምጠው ባለቀሱ ነበር፤ ለውሻ ግን ማን ለቅሶ ይደርሳል? ስነፋረቅ ለራሴ መስሏቸው «አይዞሽ፣ አትሞቺም» እያሉ ያባብሉኛል። እኔም አላረምኳቸውም። በራሴ ሞት ስም እሱን አለቀስኩት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ትን አለኝ። ትን ብቻ ነው፤ ማንንም ይለዋል። ኩባያው ከእጄ ወድቆ ቀና ስል አማቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ጥቁር ሻርፓቸውን ለበሱና «ተነሺ» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ጎባ።»

«ወንዙስ፣ እማማ?»

«እኔ አውቅበታለሁ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ድልድዩ ሊደርስ ሲል ሻርፓቸውን አውልቀው ራሴ ላይ ጣሉብኝና በሁለት እጃቸው ጭኔ ላይ አስደፉኝ፤ ሻርፕ ከራሳቸው የማይለያቸው ሴት በሰው ፊት በሻሽ ብቻ ቀሩ። «ውሃውን ካላየሽው ወንዝ ተሻገረች አይባልም» አሉኝ። ይህ ሕግ ከመቼ ወዲህ እንደወጣ እሳቸውና አላህ ያውቃሉ። ጎማው ድልድዩ ላይ ሲወጣ ድምፁ ተለወጠ።

ጨለማው ውስጥ ሆኜ አልቻልኩም። «ሊከትቡት ሲመጡ የደበቅኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

 የሰሙኝ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ እጃቸው በሻርፑ ላይ ሆኖ ጀርባዬን ይደባብሰኝ ጀመር።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «እኔም ብሆን እደብቀው ነበር።»

ያኔ ነው ጮኼ ያለቀስኩት። ተሳፋሪው ዞሮ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቅ ሰማሁ። «ሐዘን አለባት» ሲሉ መለሱለት። ድልድዩን ካለፍን ቆይተን ነበር፤ ጎባ እስክንደርስ ሻርፑን አላነሱብኝም።