አቧራው በየት በኩል ይገባ ነበር

ሴፍቲ፣ ማለትም የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ፣ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ፕሮጀክት ማናጀራችን ኢንጂነር ሚካኤል ነጭ ሄልሜት ሰጠኝና፣ «ለምለም፣ ዋናው ነገር ማስክ ነው። አማካሪው በመጣ ቁጥር በአቧራው ይጨቀጭቀኛል። በቃ፣ ጥሩ ማስክ ፈልጊና ይገዛ» አለኝ። ከዚያ ስልኩ ጮኸና ወጣ።

ሕንፃው ካዛንቺስ ውስጥ የሚሠራ ሆቴል ነው። ስትራክቸሩ አልቆ ፊኒሺንግ ላይ ነበርን። እስከዚያ ቀን ድረስ እዚያው ሳይት ንብረት ክፍል ሆኜ ሲሚንቶና ሚስማር ሳወጣ ነው የኖርኩት። ለሴፍቲነት አጭር ሥልጠና ወስጃለሁ። ስለ ከፍታ ቀበቶና ስለ እሳት ማጥፊያ ብዙ ተነግሮን ነበር፤ ስለ ማስክ የተነገረን ግን «አድርጉ» የሚል ብቻ ነው።

በዚያው ጠዋት ደረጃውን ወጣሁ። አራተኛ ፎቅ ስደርስ የድንጋይ መቁረጫው የግራይንደር ጩኸት ይሰማኛል፤ ሰው ግን አይታየኝም። ደረጃው በሙሉ ግራጫ ደመና ሆኗል። ማሽኑ ሲጠፋ አቧራው ቀስ እያለ ወረደና ጋሽ ኃይሉ ብቅ አሉ።

ጋሽ ኃይሉ የግራናይት ቆራጭ ናቸው። የደረጃውን መርገጫ እዚያው እየለኩ የሚቆርጡት፣ ጠርዙን የሚያለሰልሱት እሳቸው ነበሩ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ጢማቸውንም አሳድገዋል። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ታናሽ ወንድማቸው ግርማ ሞቶ ሐዘን ላይ ነበሩ። ግርማም ቆራጭ ነበር፤ ረጅም ጊዜ ሲያስለው ቆይቶ ነው ያረፈው። አንዱ ሐኪም ሳንባ ነቀርሳ ብሎ መድኃኒት ጀመረለት፣ ሌላው አይደለም አለ። ቤተሰቡ የትኛውን እንደሚያምን ሳያውቅ ቀበረው።

ጋሽ ኃይሉ ያደረጉት በጆሮ የሚንጠለጠለውን ሰማያዊ የሕክምና ማስክ ነበር። ሲያወልቁት ውስጡም እንደ ውጪው አመድ መስሏል።

«ጋሽ ኃይሉ፣ ውሃ እያፈሰሱ ቢቆርጡ አይሻልም?»

«ውሃው ወደ ታች ይወርዳላ፣ ልጄ። የታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ጂፕሰም ነው። ባለፈው አፍስሰን ኮርኒሱ ተበላሽቶ ፎርማኑ ሊበላን ነበር።»

ይህን ብለው ሳል ያዛቸው። ሳሉ እስኪያልፍላቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆዩ።

ከሰዓት በኋላ ባምቢስ አካባቢ ወዳሉት የሥራ ዕቃ ሱቆች ሄድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ፣ «ኤን ናይንቲ ፋይቭ አለ፣ ኬ ኤን ናይንቲ ፋይቭ አለ፣ ያው ናቸው እህት» አለኝ። ከጎኑ ያለው ደግሞ፣ «ማን ነው ያው ናቸው ያለሽ? ኬ ያለበትን እንዳትገዢ» አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም ናቀና ኤፍ ኤፍ ፒ ቱ የሚል ካርቶን አወረደልኝ። «አውሮፓዎቹ የሚያደርጉት ይሄን ነው። ማለቴ፣ ኦሪጅናሉን» አለኝ። አንዱ ፊቱ ላይ ክብ ፕላስቲክ አለው፣ ሌላው የለውም። ፕላስቲኩ ለምን እንደሆነ ስጠይቅ አንዱ ለጥራት ነው፣ ሌላው ለውበት ነው አለ። ወደ ሳይት ስመለስ ስልኬ በካርቶን ፎቶ ተሞልቷል፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ግን አንድም የተጨበጠ ነገር አልነበረም።

ኢንጂነር ሚካኤል፣ «እና የትኛው ይሁን?» ሲለኝ «አላውቅም» አልኩት።

«ሴፍቲዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። ግን አላውቅም።»

ሳቀና እዚሁ ከተማ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር የደህንነት ዕቃ የምታስመጣ ሴት እንዳለች ነገረኝ። ወይዘሮ ሰናይት ትባላለች። በማግስቱ ስሄድ በቡትስ ጫማና በጓንት ክምር መሃል ተቀምጣ አገኘኋት። ማስክ እፈልጋለሁ ስላት ካርቶን ለማውረድ አልተነሳችም።

«ምንድነው የምትሠሩት?»

«ኮንስትራክሽን።»

«እሱን አይደለም የምጠይቅሽ። ማስኩን የሚያደርገው ሰው ምን ይቆርጣል? አየሩ ውስጥ ምን አለ?»

ቆራጮቹ ግራናይት እንደሚቆርጡ፣ እዚያው ፎቅ ላይ በያጆች የደረጃ መደገፊያ ብረት እንደሚበይዱ፣ ቀለም ቀቢዎችም እንዳሉ ነገርኳት። ከዚያ ማስረዳት ጀመረች። ኤፍ ኤፍ ፒ የሚለው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ፤ ቁጥሩ ሲጨምር የሚያጣራውም ይጨምራል። ኤን ናይንቲ ፋይቭ የአሜሪካኖቹ አጠራር ነው፤ ከሁለት ቁጥሩ ጋር ይቀራረባል። የግራናይት አቧራ ውስጥ ዓይን የማያየው ደቃቅ አለ፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀረው እሱ ነው። ስለዚህ ለቆራጭ ሦስት ቁጥሩን ውሰጂ አለችኝ። ክቡ ፕላስቲክ ትንፋሽ ማስወጫ ነው፤ ሙቀቱን ይቀንሳል። ማሰሪያው በጆሮ ሳይሆን በራስ ዙሪያ የሚያልፍ፣ ሁለት ላስቲክ ያለው ይሁን። ኤን አር የሚል ከተጻፈበት ከአንድ ፈረቃ በላይ አይደረግም።

ፊደሉ በዛብኝ። «አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አልኳት። ደገመችልኝ። አሁንም የገባኝ ግማሹ ነው፤ ለሁሉም የሚሆን ሦስት ቁጥሩን ገዝቼ ተመለስኩ።

ማስኩ በታደለ በሁለተኛው ቀን ቀለም ቀቢዎቹ ቢሮ ድረስ መጡ። «ይሄ ማስክ ፌክ ነው» አሉኝ። «የቲነሩ ሽታ ቀጥ ብሎ ይገባል።» ማስኩን አድርጌ የቀለም ማቅጠኛው ቲነር ያለበት ቆርቆሮ ላይ ጎንበስ ስል እውነትም ሽታው ያፍናል። ተታለልኩ ብዬ እየተናደድኩ ቡልጋሪያ ተመለስኩ።

ወይዘሮ ሰናይት አልተቆጣችም። «አቧራና የብየዳ ጭስ ጠጣር ነው፤ ብናኝ ነው። ማስኩ ይይዘዋል። የቲነር ሽታ ግን ጋዝ ነው፣ እንደ አየር ያልፋል። ለቀለም ቀቢዎች በጎንና በጎን የከሰል ማጣሪያ የሚገጠምለት የጎማ ማስክ ነው የሚያስፈልጋቸው» አለችኝ። ለካ እኔ ሁሉንም በአንድ ማስክ ልገላገል ነበር ያሰብኩት።

ለቀለም ቀቢዎቹ የጎማው ተገዛላቸው፤ እነሱም ዝም አሉ። በያጆቹ ደግሞ ማታ ሲናፈጡ ጥቁሩ እንደቀረላቸው ነገሩኝ። የጋሽ ኃይሉ ረዳትም ደህና ነኝ አለ። ነገሩ ተፈታ ብዬ ነበር።

ያልተፈታው ጋሽ ኃይሉ ላይ ነው። ማስኩን አድርገው ይውላሉ፣ አያወልቁትም። ማታ ግን አፍንጫቸው ግራጫ ነው፤ ሳሉም አልቀነሰም። የተበላሸ ይሆናል ብዬ ከሌላ ካርቶን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ያው ሆነ። የአፍንጫውን ሽቦ እኔው ጫን አድርጌ አስተካከልኩላቸው፤ ያው ሆነ። ከአንድ ካርቶን የወጣ ማስክ ለረዳታቸው ሠርቶ ለእሳቸው እንዴት አይሠራም? ካርቶኑ ግማሹ ኦሪጅናል ግማሹ ፌክ ይሆን እንዴ እስከማለት ደረስኩ።

በዚያው ሰሞን ክሊኒክ ሄደው ራጅ ተነሡ። ሐኪሙ ሳንባቸው ላይ ጥላ እንዳየ፣ የድንጋይ አቧራ ሊሆን እንደሚችል፣ ከአቧራ ካልራቁ እንደሚብስ ነገራቸው። ይህን የነገሩኝ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነው። «ግርማም እንዲሁ ነበር የጀመረው» አሉና ማሽናቸውን አነሡ።

አንድ ቀን ለምሳ ሲወጡ ማስኩን ሲያወልቁ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነበር። ጉንጫቸው ላይ፣ በጢማቸው መሃል፣ ከማስኩ ጠርዝ ወደ አፋቸው የሚሄዱ ነጫጭ የአቧራ መስመሮች አየሁ። የረዳታቸውን ፊት አየሁ፤ ከጠርዙ ወዲያ ነጭ፣ ከጠርዙ ወዲህ ንጹሕ ነው። ቢሮ ገብቼ ከካርቶኑ ጋር የመጣውን ወረቀት ዘረጋሁት። የጢማም ሰው ሥዕል አለ፤ ላዩ ላይ ቀይ ጭረት ተሠርቶበታል። ሥዕሉን ከዚህ በፊትም አይቼዋለሁ፤ ያኔ «ለሴቶች የተሠራ» ማለት መስሎኝ ነበር ያለፍኩት።

ወይዘሮ ሰናይትን ደወልኩላት። «አዎ፣ ጢም ካለ ማስኩ ቆዳ ላይ አይገጥምም፤ አየሩ በቀለለው በኩል ይገባል። ለጢማም ሰው አየር በባትሪ የሚነፋ፣ ራስን ሙሉ የሚሸፍን አለ። እኔ ጋ ግን የለም፤ ከውጭ ይታዘዛል፣ መቼ እንደሚደርስም አልነግርሽም» አለችኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት መጣ። ለሐዘን ጢም ያሳደገን ትልቅ ሰው «ተላጭ» እንዴት ይባላል? ኢንጂነር ሚካኤል ጋ ገባሁ። እሱም አገጩን አሻሸና፣ «ወይ ይላጩ፣ ወይ ኮርኒስ ወደሌለበት ወደ ታች ግቢ ወርደው በውሃ የሚሠራውን መቁረጫ ይያዙ። ግን አንቺ ንገሪያቸው፣ እኔ አፌ አይደፍርም» አለኝ።

ነገርኳቸው። ጋሽ ኃይሉ ረጋ ብለው ሰሙኝ።

«የግርማ ሙት ዓመት ሳይወጣ ምላጭ አላስነካም ብያለሁ፣ ለምለሜ።»

«እንግዲያው እስከዚያ ታች ይሥሩ። ደረጃውን ሌላ ሰው ይጨርሰው።»

«ማን? ረዳቴ ገና ጠርዝ ማለስለስ አልለመደም። ደረጃው የእኔ ነው» አሉና ማስኩን አጥልቀው ወጡ። ሥራ የማስቆም ሥልጣን አለኝ፤ የቅጥር ወረቀቴ ላይ እንዲያ ይላል። ሐዘንተኛን ከሥራው ማስቆም ይሁን ትክክሉ፣ ዝም ማለት ይሁን፣ አልለይልኝ አለ።

የሳይቱ በር ላይ ምሳ የምታቀርበው የግርማ ሚስት ዘነበች ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ነው የጀመረችው። በማግስቱ ምሳዬን ስበላ መታገሥ አልቻልኩም፤ ጠየቅኳት። «ዘኑ፣ ነውር ከሆነ ነውር ነው በይኝ። ጋሽ ኃይሉ በጢማቸው ምክንያት አቧራው እየገባባቸው ነው። ተላጩ ብላቸው ግርማን መናቅ ይሆናል?»

ዘነበች የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። ሄልሜት ስጪኝ አለችኝ። ሰጠኋትና ተከትያት ደረጃውን ወጣን። ጋሽ ኃይሉ ሲያዩዋት ማሽኑን አጠፉ።

«ወንድም ጋሼ» አለች፣ «ግርማ ማታ ማታ ተቀምጦ ነበር የሚያድረው። ሲጋደም ትንፋሽ ያጥረዋል። እርስዎ ይሄን አይተዋል።»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ሁለተኛ ማስታመም አልችልም። ሐዘኑ ከሆነ ጥቁሩ ይበቃል። ጢሙን ለእኔ ብለው ይላጩት። ነውርነቱ በእኔ ይሁን።»

ጋሽ ኃይሉ መሬት መሬት አዩ። እሷም ምሳው ይቀዘቅዛል ብላ ወረደች። ጋሽ ኃይሉ የዚያን ቀን ማሽኑን መልሰው አላስነሡም።

በማግስቱ ጠዋት ያለ ጢም መጡ። ጥቁሩ ሸሚዝ እንዳለ ነው። ፊታቸው ጠብቦ ሌላ ሰው መስለውኝ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ አያቸውና ወደ ሥራው ገባ። ማስኩን አጠለቅኩላቸው፤ አንዱን ላስቲክ ከጆሮ በላይ፣ ሌላውን ማጅራት ላይ። የአፍንጫውን ሽቦ በሁለት ጣት ጫን አልኩ። «ማስኩን በሁለት እጅዎ ሸፍነው ጠንከር አድርገው ይተንፍሱ። በጎን ነፋስ ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«አይሰማኝም» አሉ፣ ድምፃቸው ታፍኖ።

ማታ ሲያወልቁት በስልኬ ካሜራ ፊታቸውን አሳየኋቸው። ግንባራቸውና ቅንድባቸው ነጭ ነው፤ አፍና አፍንጫቸው ዙሪያ ግን ቆዳቸው ጥርት ብሏል። ማስኩን ገለበጡት፤ ውጪው በግራጫ አቧራ ተለስኗል፣ ውስጡ ነጭ ነው። ውጪውን በጣታቸው ጠረግ አደረጉት።

«ይሄን ሁሉ ነበር የምንውጠው?» አሉ። ከዚያ ማስኩን አጣጥፈው ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣሉና እጃቸውን ታጠቡ።

ኢንጂነር ሚካኤልም ከዚያ ወዲህ ትልልቁ ቁርጥ በሙሉ ታች በውሃ እንዲሆን አደረገ፤ ላይ የሚቀረው ለመገጣጠም የሚሸረፈው ትንሹ ብቻ ሆነ። በፊት ማንም ያላሰበበት ነገር ነው።

ጋሽ ኃይሉ ደረጃውን ጨረሱት። ሳሉ ጨርሶ አልለቀቃቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ራጅ ሲነሡ ሐኪሙ ከበፊቱ አልባሰም አላቸው፤ ይሻላል ግን አላለም። ግርማን የገደለው አቧራው ይሁን ሌላ በሽታ እኔ አላውቅም። ዘነበችም አታውቅም።

እኔ ሌሎች ሳይቶች ላይም ሠርቻለሁ፤ የማስክ ካርቶን ላይ አሁንም የማላውቀው ፊደል አይጠፋም። ሲያጋጥመኝ እጠይቃለሁ። ለዚህ ሥራ አዲስ የሆናችሁ፣ በመጀመሪያ ሰዎቻችሁ የሚተነፍሱት ምን እንደሆነ እወቁ፤ ማስኩን የምትመርጡት በዚያ ነው። ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው ፊት ቀርባችሁ እዩ። ቆዳው ላይ ያልገጠመ ማስክ፣ የቱንም ያህል ቁጥሩ ትልቅ ቢሆን፣ አይሠራም።