ጀርባ የሌለው ስፒከር

ዛሬ ሚዛን ከተማ በአንድ አናጺ ደጃፍ ሳልፍ ትኩስ የዋንዛ ሰጋቱራ ሸተተኝና ቴፒ ያለው ቤታችን ድቅን አለብኝ።

አባዬ የዋንዛ ጣውላ በክብ ቀዶ፣ ከተበላሸ ቴፕ የፈታውን ስፒከር ገጠመበት። ሳጥን አልሠራለትም። በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል ሲያቆመው፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ያዜም ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ ከድር፣ «ጀርባውን ሳትሸፍነው ልትተወው ነው?» አለው።

አባዬ ታማ ወደተኛችው እናቴ እያየ፣ «ጀርባው የእሷ ነው። ለእኛ ፊቱ ይበቃናል» አለ።

እማዬ ካረፈች በኋላ ጀርባውን በጣውላ ደፈነው። «ከእንግዲህ በዚያ በኩል የሚሰማ የለም» አለ። ድምፁም ታፈነ።

ከዚያ ወዲህ ግን በእማዬ አልጋ ላይ የምተኛው እኔ ነበርኩ።

ከአናጺው ደጃፍ ሳልርቅ ለአባዬ ደወልኩለት። «እኔም እሰማ ነበር» ልለው አስቤ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቄው ዘጋሁ።