ያልተለቀቀው መስኮት

ባለፈው ሳምንት ደረጀ፣ ቢሯችን አዲስ የገባው ወጣት አርክቴክት፣ ከኮምፒውተሩ ሳይነሣ ጠራኝ። ደብረ ኤልያስ አካባቢ ከዓመታት በፊት የነደፍነው የእናቶች ማቆያ ሊሰፋ ነው። የድሮውን ሞዴል ከፍቶ አዲሱን ክንፍ ከፊት ግድግዳው ጋር ሊያጋጥም ሲል አንድ መስኮት አልነካም አለው።

"ጋሼ፣ ባንቺአየሁ ማን ናት?" አለኝ። "ማሽኑ መስኮቱ በእሷ እጅ ነው ይለኛል።"

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ በላይ ባለች ቢሮ ሦስት ሆነን እንሠራ ነበር። ባንቺአየሁ ግድግዳውን፣ በሩንና መስኮቱን ትነድፋለች። ሕንፃውን የሚሸከመው ምሶሶና አግዳሚ፣ ኮለንና ቢሙ፣ የአለቃችን የኢንጂነር ይትባረክ ነው። የውኃና የመብራት መስመሩ የእኔ። ሕንፃው አንድ ነው፤ ማእዘን ላይ በተቀመጠው ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ይኖራል፤ ሦስታችንም ከየጠረጴዛችን እንገባበታለን። አንዱ የነካው ግድግዳ በእጁ ይገባል፤ እስኪለቀው ድረስ ሌላው አይነካውም። ማን እንደሳለው፣ ማን መጨረሻ እንደለወጠው፣ አሁን በማን እጅ እንዳለ ማሽኑን ብትጠይቁት ስም ይጠራላችኋል። እኔ ሥራውን በሰርተፍኬትና በልምድ የተማርኩ፣ ግጥምንም ማንም ሳያስተምረኝ የጀመርኩ ልጅ ስለነበርኩ ያ ስም የመጥራት ነገር ይገርመኝ ነበር። ግጥሞቼ እንዲህ ያለ ምስክር አልነበራቸውም።

በዚያ ክረምት ከኢንጂነሩ ጋር ቦታውን ለመለካት ሄድን። ጭቃው ጫማችንን አክብዶት፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየጋጥን ደረስን። በአሮጌው ጤና ጣቢያ አንዲት ወሯ የገባ ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ሰው በገባ ቁጥር "ከእኛ አገር የመጣ አለ?" ትላለች። ከግድግዳው ወዲያ መንገዱ ነበር። እሷ ግን አታየውም።

ከተመለስን በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ። ከማእዘኑ ትልቅ ኮምፒውተር ሌላ ባትሪው የሚሠራ ዩፒኤስ የነበረው የባንቺአየሁ ጠረጴዛ ብቻ ስለሆነ፣ እሷ እስክትመለስ ሥራዬን ልጨርስ ብዬ ተቀመጥኩ። ማሽኑ በስሟ ተከፍቶ ነበር። በመንገዱ በኩል ያለው የፊት ግድግዳ ድፍን ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ጓሮው ባሕር ዛፍ ያያሉ። እጄ አላረፈም። ከአልጋው ትይዩ ሰፊ መስኮት ከፈትኩ፤ ማስታወሻ በሚጻፍበት ቦታም ሁለት ስንኝ ጣልኩ፦

መንገዱን እያየች ተኝታ ባልጋዋ፣
ምጡ ይቀላታል ሲደርስ እናትዋ።

በእሷ ገጽ ላይ ኮለኖቹ ተደብቀው ነበር። መስኮቱን የከፈትኩት ኮለን ላይ ኖሯል።

ኢንጂነሩ ይህን ያገኘው ሥዕሉን ለማስረከብ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ነው። የባንቺአየሁ የሙከራ ጊዜ የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነበር። መጨረሻ የለወጠው ማን እንደሆነ ማሽኑን ጠየቀው፤ የባንቺአየሁን ስም ጠራ። ኮለን የሚቆርጥ ሰው ቢሮዬ አይቆይም አለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፤ ዝግ ብሎ ሲናገር ነበር የሚያስፈራው። እሷ አልካደችም፣ አላመነችም። እኔ ስለ ቧንቧ የማስብ መስዬ አቀረቀርኩ። ዲፕሎማ የሌለውን ልጅ ማባረር ለእሱ ምንም አልነበረም።

ፍልሰታ ነበር። ምሳ ሰዓት ከታች ካለችው ምግብ ቤት አንድ ሽሮ ይዘን ተቀመጥን። ባንቺአየሁ ቃሪያዋን እየፈለቀቀች፣ ቀና ሳትል፣

"ግጥምህን አጥፍቼዋለሁ፤ እሱ ሳያየው" አለችኝ።

"የእኔ እንደሆነ በምን አወቅሽ?" አልኳት።

"እዚህ ቢሮ ግጥም የሚጽፍ ስንት ሰው አለ አንቴ? ደግሞ 'እናትዋ' ብለህ ቤት ለመምታት ያየኸው አበሳ ያስታውቃል።"

ከጠዋት ጀምሮ ታውቅ ነበር። ስንኙን ስታጠፋ ደግሞ የመጨረሻዋ ለዋጭ በእርግጥም እሷ ሆነች። እንጀራውን በእጄ እንደያዝኩ ተነሣሁና ደረጃውን ወጣሁ።

ለኢንጂነሩ ሁሉንም ነገርኩት። ያባርረኛል ብዬ የጠበቅኩት ሰውዬ ስለ ኮለኑ ሳይሆን ለምን ወደ መንገዱ እንዳዞርኩት ጠየቀኝ። ስለዚያች ሴት ነገርኩት። እሱም አይቷት ነበርና መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ። ባንቺአየሁን አስጠራት።

"ኮለኑ አይነቃነቅም" አላት። "መስኮቱን ወደ ግራ ግፊው። የቋሚ ቅጥር ደብዳቤሽን ነገ እፈርማለሁ። አንተ ግን በሰው ስም የተከፈተ ማሽን ላይ ሁለተኛ ባይህ፣ ግጥምህን ይዘህ ትወጣለህ።"

መስኮቱን ገፋችው። ስትጨርስ ልትለቀው ይገባ ነበር። "ይሄን አለቅም፤ አንተም ሆንክ እሱ አትነኩትም" ብላ ሳቀች። ከሁለት ዓመት በኋላ አግብታ ደጀን ሄደች፤ ማሽኗ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ኢንጂነሩም ጡረታ ወጣ። ያ መስኮት ትዝ ያለው አልነበረም።

"ቀላል ነው ጋሼ" አለ ደረጀ። "ፋይሉን ነጥዬ በአዲስ ስም ካስቀመጥኩት ማን ምን እንደያዘ ይረሳል። ከዚያ መስኮቱን ደፍነን ክንፉን እንቀጥላለን።"

ደጋግሜ አየሁት። ያዥ፦ ባንቺአየሁ። እኔ በዚያ መስኮት ላይ ስሜ የለም፤ ቢኖርም አንድ ቀን ፈርቼ ዝም ያልኩት ሰው ስም ነው። መስኮቱን ያቆመችው፣ ጥፋቱን በእጇ ይዛ የቆየችው እሷ ናት፤ ማሽኑ አልተሳሳተም።

"ክንፉን ወደ ጓሮ አዙረው" አልኩት።

"መስኮቱስ?"

"በእጇ ይቆይ።"