የማሲላማኒ ሳቆች

የማሲላማኒ እንጀራ መሞት ነበር። በሕንዷ ከተማ በማድራስ በሚሠሩ ፊልሞች ውስጥ ዋናው ጀግና የሚገድለው ሽፍታም፣ በልጁ ሠርግ ዋዜማ ልቡ ቀጥ የሚል አባትም እሱ ነው። ሚስቱ ቫዲቩ ግን አንዱንም አላየችም።

«ባሌ ሲሞት ለማየት ደግሞ ቲኬት ልቁረጥ? አብደሃል እንዴ!»

«እኔ እኮ እነሳለሁ» ይላታል እየሳቀ።

እውነቱን ነበር። በዚያ የፊልም ሠፈር፣ ሞቶ የተቀረጸ ተዋናይ ሞቱ እንዳይከተለው፣ ካሜራው ሳይጠፋ ተነስቶ መሳቅ አለበት። ሳቁ ግን ተቆርጦ ስለሚወጣ ሲኒማ ቤት አይደርስም።

ማሲላማኒ የእውነቱን ሞቶ ለቅሶው ካለፈ በኋላ፣ የፊልም ቆራጩ ጓደኛው ታናኮዲ ማሳያ ማሽን ተሸክሞ መጣ። የሟቹን ነጭ ሽርጥ ግድግዳው ላይ ሰቀለና ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀማቸውን ቁራጮች ቀጣጥሎ አሳያት። ማሲላማኒ ደም እንደለበሰ ተነስቶ ሳቀ። አፍንጫው ውስጥ ጥጥ እንደተወተፈ፣ አበባ እንደተከመረበት ተነስቶ ሳቀ። ደግሞ ተነሳ።

«እኔን ገድሎኝ እሱ ይስቃል!» አለች ቫዲቩ፣ እንባዋ እየወረደ። «ይኼንንማ ብታሳዩኝ ኖሮ ቲኬት ቆርጬ እገባ ነበር።»

ፊልሙ አለቀና ሽርጡ ባዶውን ቀረ።

«በል ወንድሜ፣ እንደገና አስነሳልኝ።»